ልጅ በሰው ፊት ሲቆም

ልጅን ለንግግር ማቆም፣ ማለትም እግሩን፣ እጁን፣ ዓይኑንና ድምፁን በሰው ፊት አስተካክሎ እንዲይዝ ማሠልጠን፣ ሁለት ሥራ ነው። አንደኛው አዲስ ነገር ማስተማር ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ቤተሰብና ጎረቤት ለዓመታት ተባብረው ያስተማሩትን ለአምስት ደቂቃ ያህል ማስረሳት ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሱዳን ድንበር ግድም ባሉ ሠፈሮች ጨዋ ልጅ የሚታወቀው በሚናገረው ሳይሆን በማይናገረው ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ የሚሰጡትን በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ሲጠየቅ መሬት መሬት እያየ ይመልሳል፤ የሰማውን እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል። ቀና ብሎ የመለሰ «ዓይን አውጣ» ይባላል። አንገቱን የደፋም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይታመንም፤ «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» የሚል ተረት ተቀምጦለታል። ስለዚህ አንገት በስንት ዲግሪ መያዝ እንዳለበት የሚያውቁት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አይናገሩም። ይህን ሁሉ ሥልጠና ወስዶ ያደገ ልጅ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ ጫማውን ጫማውን ሲያይ ታዲያ፣ ያው ሠፈር «ምነው ይህ ልጅ ድፍረት አጣ?» ብሎ ይገረማል።

ባህሉ ደፋር አቋም አጥቶ አይደለም። በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆመው ይሟገቱ ነበር። ተሟጋቹ ኩታውን አስተካክሎ፣ በትሩን ጨብጦ፣ ፊትና ኋላ እየተንጎራደደ፣ እጁን ወደ ባለጋራው እየዘረጋ «ማር እሰጥ፣ በቅሎ እሰጥ» ብሎ ይወራረዳል፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ፎካሪው በድግስ መካከል ደረቱን ነፍቶ ይንጎማለላል። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት በቃሉ ይናገራል። የቤተ ክርስቲያን አቋቋም ተማሪም መቋሚያውንና ጸናጽሉን ከዜማው ጋር አስማምቶ ለማንቀሳቀስ ዓመታት ይፈጅበታል። እነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አላቸው፦ ሰውነታቸው ከመፍታታቱ በፊት ፈቃድ አግኝተዋል። ተሟጋቹን ዳኛው፣ ፎካሪውን ድግሱ፣ ተማሪውን መምህሩ «በል» ብሎታል። ልጅ ግን «በል» የሚባለው ብዙ ጊዜ «በል ተነሥና ሂድ» ከሚለው ጋር ተያይዞ ነው።

ይህችው «ሂድ» ግን ሳይታሰብ የመጀመሪያዋ የንግግር ትምህርት ቤት ሆናለች። ስድስት ሰባት ዓመት የሞላው የሠፈር ልጅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በሕዝብ ፊት ይናገራል፤ ንግግር መሆኑን የሚነግረው የለም እንጂ። እናት ቡናውን እየወቀጠች «ሂድ፣ ጎረቤቶቹን ጥራልኝ» ትላለች። ልጁ አጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ፣ አገጩን ከፍ አድርጎ፣ «እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች!» ብሎ ይለቀዋል። ድምፁ አይንቀጠቀጥም፤ እግሩ አይተሻሽም፤ ያልተጠሩት እንኳ ሰምተው ይመጣሉ። ያው ልጅ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ ስሙን እንዲናገር ሲጠየቅ ድምፁ ኮሌታው ውስጥ ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የድፍረት አይደለም፤ የባለቤትነት ነው። የቡናው ቃል ባለቤት አለው። ስህተት ቢገኝበት የምትጠየቀው እናት ናት። የስሙ ቃል ግን የልጁ የራሱ ነው፤ ቢሳቅበት የሚሳቀው በእሱ ነው። ልጅን በሰው ፊት ማቆም ማለት እንግዲህ የቃሉን ባለቤትነት ከእናት ወደ ልጅ ቀስ በቀስ ማዛወር ነው፤ የሰውነቱ አቋም ይህንን ዝውውር ተከትሎ የሚመጣ ነው።

ዝውውሩ እንዴት እንደሚጀምር ለማየት እንደ ኡም ጋርጉር ያለ ቦታ ይጠቅማል። ኡም ጋርጉር በምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ግዛት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ የስደተኞች ሠፈር ሲሆን አብዛኞቹ ነዋሪዎቹ ኤርትራውያን ናቸው። አያቶች ተሰደው የገቡበት፣ የልጅ ልጆች የተወለዱበት ሠፈር ነው። በዚያው ግዛት ከኅዳር 2013 ዓ.ም. በኋላ ከትግራይ ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ኡም ራኩባ እንደገና ተከፍቷል፤ በተከታዮቹ ወራት ደግሞ ቱናይድባ ተጨምሯል። እንደ ኡም ጋርጉር ባሉ ነባር ሠፈሮች ልጆች ቤት ውስጥ የእናታቸውን ቋንቋ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ውስጥ ዓረብኛ ይናገራሉ፤ በዚህም የተነሣ ሳይሾሙ አስተርጓሚ ይሆናሉ። ሐኪሙ በዓረብኛ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የአሥር ዓመቷ ልጅ ጥያቄውን ለእናቷ ታቀብላለች። እናት ሕመሙን ከሥሩ፣ ከነሰበቡ፣ ከነጎረቤቷ ምክር አምስት ደቂቃ ታብራራለች። ልጅቱ ወደ ሐኪሙ ዞራ «ሆዷን ነው» ትላለች። ትከሻዋ ቀጥ ብሏል፣ ዓይኗ ሐኪሙ ላይ ነው፣ አንዱ እጇ እናቷ የምታመለክትበትን ቦታ ያመለክታል። ማንም የሰውነት አያያዝ አላስተማራትም፤ ሥራው ራሱ አቁሟታል። ከዚህም በላይ መልእክቱን ማሳጠር ጀምራለች፤ ያ ማሳጠር የራሷ ነው።

የድንበር ልጅ ሌላም ሀብት አለው። ሱዳናዊ ጎልማሳ ሰው ሲያገኝ የቀኝ እጁን ወደ ትከሻው ሰንዝሮ፣ ከዚያ ጨብጦ፣ የጤናውን፣ የቤቱንና የከብቱን ሁኔታ ተራ በተራ ሲጠይቅ ያያል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ እጅ ይነሣል፣ ጉልበት ይስማል። በኸልዋ፣ ማለትም በቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ሎሁን፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳውን፣ ጭኑ ላይ አስደግፎ እየተወዛወዘ ያነባል። በጠዋቱ የትምህርት ቤት ጣቡር፣ ማለትም ሰልፍ፣ ላይ ግን መወዛወዝ ያስቀጣል። አንድ አካል በአንድ ቀን ውስጥ አራት ዓይነት አቋም ይይዛል ማለት ነው። ይህ ልጅ አቋም እንደ ልብስ በየበሩ የሚቀየር መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ የመድረኩ አቋም አምስተኛ ሆኖ ሲጨመርለት «አባትህ ያስተማረህን ጣል» ማለት አያስፈልግም። «ይህ ደግሞ የመድረኩ ነው፤ ስትወርድ ትቀይረዋለህ» ማለት ይበቃል።

ወደ ሰውነቱ ከመገባቱ በፊት ስለ ፍርሃቱ ትንሽ ማወቅ ይገባል። ስሙ ሲጠራ የልጁ ሰውነት አድሬናሊን ይለቃል፤ ልቡ ይመታል፣ አፉ ይደርቃል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ሰውነቱ ያሰበው ለሩጫ ነው፤ የተጠራው ግን ግጥም ለማንበብ ነው። ልጁን ከፍርሃቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው ፍርሃቱ ይታያል የሚለው ሐሳብ ነው። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ተናጋሪዎች የውስጥ ጭንቀታቸው ለተመልካች ከሚታየው በላይ ይታያል ብለው እንደሚያምኑ አሳይተዋል። ይህን አስቀድሞ የተነገራቸው ደግሞ የተሻለ ንግግር አድርገዋል። ስለዚህ «አትፍራ» ከሚለው ምክር ይልቅ «ጉልበትህ ሲንቀጠቀጥ ከሁለተኛው ረድፍ አይታይም» የሚለው ይጠቅማል። «አትፍራ» የተባለ ልጅ አንድ አዲስ መረጃ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ የሚያስፈራ ነገር መኖሩን።

ከአካል ክፍሎች የሚቀድመው እግር ነው። ያልሠለጠነ እግር ሦስት ልማድ አለው፦ በአውራ ጣቱ መሬት ላይ መስመር ያሰምራል፤ ወይም አንዱ የሌላውን ባት ያካል፤ ወይም ባለቤቱን ትቶ ወደ በሩ ይዞራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መሬቱ አፈር ከሆነ የልጁን ሁለት እግር ዙሪያ በእንጨት ማስመር፣ ሲሚንቶ ከሆነ በጠመኔ መሣል ነው። ሁለቱ እግሮች በትከሻ ስፋት ተራርቀው እዚያ ሥዕል ውስጥ ይቆማሉ። ደንቡ አንድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ እግር አይነሣም። ሐሳብ ሲለወጥ ግን አንድ እርምጃ ይፈቀዳል።

ቀጥሎ እጅ ይመጣል። እጅ ከሁሉ የበለጠ የሚያስቸግር ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉ ያነሰ ትምህርት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ጃና አይቨርሰንና ሱዛን ጎልዲን ሜዶው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ከልደታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑና የማንንም እጅ ሲንቀሳቀስ አይተው የማያውቁ ልጆች ሲናገሩ እጃቸውን እንደሚያንቀሳቅሱ ታይቷል። እጅ ከንግግር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ችግሩ መድረክ ላይ ሌላ ሥራ ማግኘቱ ነው፤ የደንብ ልብሱን ጫፍ ይጠቀልላል፣ ኪስ ውስጥ ይደበቃል፣ ወይም የነጠላውን ጥለት ይቆጥራል። ሴት ልጆች ላይ ሥራው ይበዛል። ሻሹ ይንሸራተታል፣ እጅ ይከተለዋል፣ ንግግሩም ሻሹን ተከትሎ ይሄዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሥነ ልቡና ምክር ሳይሆን አንድ መርፌ ቁልፍ ነው፤ ሻሹ ከመድረክ በፊት አገጭ ሥር ይያዛል። ከዚያ በኋላ እጅ እንዲቆጥር ይደረጋል፤ «አንደኛ» ሲል አንድ ጣት፣ «ትልቅ» ሲል ሁለት እጅ ይዘረጋል። ሮማዊው የንግግር መምህር ኩዊንቲሊያን በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን እጅ ከዓይን በላይ መውጣት፣ ከደረት በታችም መውረድ እንደሌለበት፣ ግራ እጅም ብቻውን ምልክት መሥራት እንደማይገባው ጽፏል። ይህን የመጨረሻውን ደንብ ማንኛዋም የገዳሪፍ ወይም የጎንደር አያት ኩዊንቲሊያንን ሳታነብ ታስከብራለች።

ዓይን ላይ ሁለት ትምህርቶች ይጋጫሉ። ከከተማ የመጣ አሠልጣኝ «ዓይን ዓይናቸውን እያችሁ ተናገሩ» ይላል፤ የልጁ አያት ደግሞ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ማስታረቂያው ሰውን ሳይሆን ቦታን ማየት ነው። ከአዳራሹ በግራ፣ በመካከልና በቀኝ ሦስት ቦታ ይመረጣል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል። ቦታው ግምባር ከሆነም ይበቃል፤ ከሩቅ ሲታይ ግምባርና ዓይን አይለዩም። ሕዝብ አንድ ሽማግሌ ስላልሆነ ሕዝብን ማየት ድፍረት አይባልም። ከሦስቱ ቦታዎች በአንዱ ራሷን የምትነቀንቅ አክስት ብትገኝ መልካም ነው። በእያንዳንዱ ክፍል የማይጠፋው አፉን የሚያጣምም ጓደኛ ግን የት እንደተቀመጠ አስቀድሞ ተጠንቶ ከሦስቱ ቦታዎች ውጭ ይደረጋል።

ትንፋሽና ድምፅ አብረው ይሠለጥናሉ። የፈራ ልጅ ወረቀቱን ያነባል ከማለት ይልቅ ይሸሻል ማለት ይቀላል፤ «የተከበራችሁ» ብሎ የጀመረው «አመሰግናለሁ» ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ተንፍሷል። ለዚህ የሚሰጠው ልምምድ ከመጀመሪያው ቃል በፊት በልቡ እስከ ሦስት መቁጠርና አየሩን ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። ዝምታ የመርሳት ምልክት ይመስላቸዋልና ልጆች ይህን አይወዱም። ዝምታ ግን ጉልበትም ይሆናል፤ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ረበሿቸው። ንጉሡ እጃቸውን አላወዛወዙም፣ ድምፃቸውንም አላነሡም፤ ረባሾቹ እስኪወጡ ጸጥ ብለው ቆሙ፤ ከዚያ በአማርኛ ተናገሩ። ቁመታቸው አጭር እንደነበረ ለሚያውቁ ልጆች ይህ ታሪክ ብዙ ያስተምራል።

ማይክሮፎን የራሱ ፈተና አለው። በየትምህርት ቤቱ የሚተከለው በርእሰ መምህሩ ቁመት ነው፤ ልጁ እሱን ለመድረስ አንገቱን ሲመዝ ተመልካቹ የሚያየው አገጭ ብቻ ይሆናል። መሣሪያው ይወርዳል፣ ወይም ተነቅሎ በቀኝ እጅ፣ ከአፍ አንድ ጭብጥ ያህል ርቆ ይያዛል። «ሄሎ ሄሎ» ማለትና መንፋት የቴክኒሺያኑ ሥራ ነው፤ ለልጁ አይተላለፍም።

በዚህ ትምህርት ዙሪያ ተደጋግመው የሚነገሩ ሁለት ነገሮች መታረም አለባቸው። አንደኛው «ከመልእክቱ ቃል የሚይዘው 7 በመቶ፣ ድምፅ 38፣ የፊትና የሰውነት ገጽታ 55 በመቶ ነው» የሚለው ነው። ቁጥሩ የመጣው ከአልበርት መህረቢያን የ1967 (እ.ኤ.አ.) ጥናቶች ሲሆን፣ እነሱ የመረመሩት የመውደድና የመጥላት ስሜትን ብቻ ነው፤ ስለ ንግግር በጠቅላላው አይደለም። 7 በመቶው እውነት ቢሆን ልጁ የሚናገረውን ማጥናት ባላስፈለገው ነበር፤ ይህን የሰሙ አንዳንድ ተማሪዎችም በተግባር ሞክረውታል። ሁለተኛው እጅን ወገብ ላይ አድርጎ ሁለት ደቂቃ መቆም ሆርሞን ቀይሮ ድፍረት ይሰጣል የሚለው ነው። የዚህ አባባል መነሻ የሆነው የ2010 (እ.ኤ.አ.) ጥናት የተሠራው በ42 ሰዎች ላይ ነበር፤ በ2015 በ200 ሰዎች ላይ ሲደገም የሆርሞኑ ለውጥ አልተገኘም። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዷ ዳና ካርኒም በ2016 ውጤቱን እንደማትቀበል በይፋ ጽፋለች። እጅን ወገብ ላይ ማድረግ በሠፈራችን ሌላ ትርጉምም አለው፤ ወይ የደከመች እናት ናት፣ ወይ ጠብ ሊነሣ ነው። አቋም ፈቃድ አይወልድም፤ ፈቃድ ግን አቋም ይወልዳል።

ስለዚህ ልምምዱ ከመስታወት ፊት ሳይሆን ከመልእክት ይጀምራል። በመጀመሪያው ደረጃ ልጁ የሌላውን ቃል ያደርሳል፤ «አባቴ ነገ እመጣለሁ ብሏል»። በሁለተኛው ደረጃ አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሱ ይጨምራል፤ «አባቴ ነገ እመጣለሁ ብሏል፤ እኔ ግን ዝናብ የሚመጣ ይመስለኛል»። ያች «እኔ ግን» የትምህርቱ ሁሉ ወገብ ናት። ሦስተኛው ደረጃ ተረት ነው። ልጁ «ተረት ተረት» ሲል ሰሚው «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል፤ ፈቃዱ በሁለት ቃል ተሰጠ ማለት ነው። በተረት ውስጥ ጅብ መሆን ይቻላል፤ ጅብ የሆነ ልጅ ደግሞ እጁን የት እንደሚያደርግ አይጨነቅም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ለልጆች ተረት የነገሩት ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሁሉም አባባ ተስፋዬ የሚላቸው፣ ታሪኩን በፊታቸውና በድምፃቸው ይጫወቱት ስለነበር ለዚህ ደረጃ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። አራተኛው ደረጃ ክርክር ነው፤ «ትምህርት ጠዋት ይሁን ወይስ ከሰዓት?» በሚል ጥያቄ ላይ ልጁ ወገን መርጦ ሦስት ምክንያት ያቀርባል። ሰሚውም አብሮ ያድጋል፤ መጀመሪያ ሦስት ሰው፣ ቀጥሎ ክፍሉ፣ በመጨረሻ የጠዋቱ ሰልፍ። በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ በሱዳን የትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ለዚህ የተዘጋጁ መሰላሎች ናቸው። «ቲቸር! ቲቸር!» እያለ ጣቱን የሚያጮኽና ከወንበሩ የሚነሣ ልጅ ሲፈቀድለት ድምፁ የሚጠፋው እነዚህን መሰላሎች ዘልሎ ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው።

ከእነዚህ ደረጃዎች ውጭ የሚቀር አንድ የተለመደ ስህተት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሰኔ 13 ቀን የዓለም የስደተኞች ቀን ሆኖ ይከበራል፤ በየሠፈሩ ልጆች እንግዳ ፊት ይናገራሉ። ወረቀቱን የጻፈው ግን ትልቅ ሰው ነው። ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ «ባለድርሻ አካላት ለዘላቂ መፍትሔ የተቀናጀ ርብርብ ያደርጉ ዘንድ» ሲል፣ ቃሉ የሱ ስላልሆነ ሰውነቱ ተለይቶ ይቆማል፤ እጁ ወደ ኋላ፣ ዓይኑ ወደ ሰማይ ይሆናል። ያው ልጅ «ቤታችን ከቧንቧው ሩቅ ነው፤ ጀሪካኑን የምንሸከመው እኔና እህቴ ነን» ቢል እጁ ሳይታዘዝ የጀሪካኑን ክብደት ያሳያል። እንግዶቹም የሚያስታውሱት ይህን ነው።

ግምገማ አጭር ይሆናል፤ አንድ የሚጠበቅ፣ አንድ የሚታረም። «እጅህ ጥሩ ነበር፤ በሚቀጥለው ቀስ በል» ይበቃል። የሰባት ስህተት ዝርዝር የተሰጠው ልጅ በሚቀጥለው የሚያስታውሰው ስምንተኛውን፣ መድረክ ላይ መውጣቱን ነው። አወራረድም የንግግሩ አካል ነው፤ ንግግሩ ሲያልቅ ጭብጨባው እስኪጀምር ይቆማል፣ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ በእርምጃ እንጂ በሩጫ አይወርድም።

የቀረው ሥልጠና የአዋቂዎች ነው። ሰሚ የሌለው ተናጋሪ የለምና፣ ልጅ ሲናገር ዓረፍተ ነገሩን ቀምቶ አለመጨረስ፣ ስልክ አለማየት፣ ካጠፋም ለሌላ እንግዳ አለመተረክ ይጠበቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ትምህርቱ እንደሠራ የሚታወቀው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ቤት ነው። አንድ ማታ እራት ላይ ልጁ እጁን አስተካክሎ፣ ድምፁን ሳይቀንስ «አባባ፣ እኔ ግን እንዲያ አይመስለኝም» ይላል። ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ የመቀመጥ፣ እጅን የመሰብሰብና ዓይን ሳይሰብሩ የማድመጥ ተራው የአባት ነው።